የአራሚው የጋሽ ሰረዝ እምነትና ሕይወት

ዛሬ የምንሸኛቸው አባታችንና አያታችን፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1936 ዓ.ም. ከአባታቸው የአናጢነት ሥራ ቤት በስተኋላ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለእናት ለአባታቸው ሦስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። ሲወለዱ ርዝመታቸው አዋላጇን አስገርሟት "ይኼ ልጅ ከአባቱ ጣውላ ላይ ተቆርጦ ነው እንዴ የመጣው?" ማለቷ በቤተሰቡ ዘንድ ሲነገር ኖሯል።

የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበሮች የአባታቸው የእጅ ሥራ ነበሩ። በዚህም ምክንያት ሕፃን ሳሉ ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ የአባታቸው ይመስላቸው ነበር። ሰባኪው "ይህ የአባታችን ቤት ነው" ሲሉ ራሳቸውን በኩራት ይነቀንቁ እንደነበር እናታቸው እየሳቁ ያወሱ ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው "ታምናለህ ወይ?" ተብለው ቢጠየቁ ጥያቄው አይገባቸውም ነበር። አባታቸው ማታ ከሥራ እንደሚመለሱ ያምኑ ነበር፤ እግዚአብሔርንም ያምኑ የነበረው እንደዚያው ነው።

በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገቡ። በቁጥር ደካማ፣ በፊደል ግን የሚያህላቸው የሌለ ተማሪ ነበሩ። ስድስተኛ ክፍል ሳሉ መምህራቸው በሰሌዳው ላይ የጻፉትን አንድ ቃል "ጋሼ፣ ፊደሉ ተሳስቷል" በማለታቸው አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ጥግ ይዘው እንዲቆሙ ተፈርዶባቸዋል። መምህሩ በማግሥቱ መዝገበ ቃላት አይተው መጡና "ትክክል ነህ፤ ግን ሁለተኛ ትክክል እንዳትሆንብኝ" አሏቸው።

እምነታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ክረምት ወንዝ የሞላው በ1953 ዓ.ም.፣ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው። በቤተ ክርስቲያኑ የመዘምራን ቡድን ገቡ፤ ድምፃቸው ለመዝሙር የማይሆን ስለነበር የግጥሙን ወረቀት እንዲይዙ ተመደቡ። በገበታ ላይ የሚያደርሱት ጸሎት ረጅም ከመሆኑ የተነሣ አባታቸው አንድ ቀን ታግሠው ታግሠው "ልጄ፣ አሜን በል እንጂ! ምግቡ ምን አጥፍቶ ነው በብርድ የሚቀጣው?" ብለዋል። ያን ጊዜ ነገሩ ጨዋታ አልነበረም። አባታችን በኋላ ሲያስታውሱት ልባቸው ከደረታቸው ሰፍቶ ነበር ይሉ ነበር። ያንን ዘመን ባረጁ ጊዜም አላፌዙበትም።

በ1956 ዓ.ም. በአንድ ማተሚያ ቤት ረዳት አራሚ ሆነው ተቀጠሩ፤ ለአርባ ዓመትም ሌላ መሥሪያ ቤት አላወቁም። የአራሚዎቹ ክፍል ከማተሚያ መኪኖቹ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። መኪኖቹ ሲነሡ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ የውኃ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ከተተወ በራሱ እየተጓዘ ጫፍ ይደርሳል። አሠራሩ በጥንድ ነው። አንዱ ዋናውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ፊደል ለቃሚዎቹ የደረደሩትን ለሙከራ የታተመ ወረቀት፣ ማለትም ፕሩፉን፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ይከታተላል። የሚነበበው ቃሉ ብቻ አይደለም። ነጠላ ሰረዙም አራት ነጥቡም ይነበባል። ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት ሲመጡ ደግሞ አንባቢው "ጸሎቱ ጸ"፣ "ፀሐዩ ፀ" እያለ ይለያቸዋል። ያስተማሯቸው ሽማግሌ አራሚ አንዲት ሕግ ነበረቻቸው፦ "በቃልህ የምታውቀውን ጽሑፍ ለሌላ ሰው ስጥ። ዐይንህ ያላየውን ልብህ ይሞላዋል።"

የንባብ ጥንዳቸው ሆነው የተመደቡት በዚያው ዓመት የተቀጠሩ አንዲት ወጣት ነበሩ። አባታችን ረጅምና ቀጭን፣ እሳቸው አጭርና ክብ ስለነበሩ ፊደል ለቃሚዎቹ አንዱን "ሰረዝ" ሌላዋን "ነጥብ" አሏቸው። ስሙ በዚያው ጸንቶ ጋሽ ሰረዝና እትዬ ነጥብ እንደተባሉ ኖረዋል፤ ለጎረቤትም ለቤተ ክርስቲያንም ይኸው ሆነ። አምስት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠው የጨረታ ማስታወቂያና የትምህርት መጽሐፍ ካነበቡ በኋላ፣ በ1961 ዓ.ም. አንድ ቀን ጋሽ ሰረዝ በፕሩፉ ኅዳግ ላይ የሁለቱን ቅጽል ስም ጽፈው "ይገጠም" የሚለውን የእርማት ምልክት አደረጉበት። እትዬ ነጥብ ወረቀቱን አዙረው አዩና "ይህ በዋናው ጽሑፍ ላይ የለም" አሉ። ጋሽ ሰረዝ "ይጨመር" አሉ። በዚያው ዓመት ተጋቡ።

በ1963 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሴት ልጃቸውን፣ በ1966 ወንድ ልጃቸውን፣ በ1970 ደግሞ ታናሺቱን ሴት ልጃቸውን ወለዱ። በ1971 ዓ.ም. ጋሽ ሰረዝ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሆነው ተመረጡ። ታናሺቱ በ1974 ዓ.ም. በአራት ዓመቷ በትኩሳት ታማ ዐረፈች። ሰው ሁሉ ጋሽ ሰረዝ በዚህ ይሰበራሉ ብሎ ሠጋ። አልሆነም። በዚያ ዓመትና በተከታዩ እምነታቸው ከመቼውም ይልቅ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሊያጽናኗቸው የመጡትን ራሳቸው አጽናንተው ሸኙ። ይህን መጻፍ ያስፈለገው በኋላ ለመጣው ነገር ብዙዎች ምክንያቱን ከዚህ ሐዘን ስለፈለጉት ነው። ጋሽ ሰረዝ ራሳቸው "በእሷ አታሳብቡ" ይሉ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት መጽሐፍ እንደገና እንዲታተም ለማተሚያ ቤቱ ተሰጠ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሚጸልዩበት መጽሐፍ ስለነበር ሥራውን ለማንም አሳልፈው አልሰጡም። እትዬ ነጥብ አነበቡ፣ እሳቸው አረሙ፣ ፈረሙ። መጽሐፉ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ቅጂ ታትሞ ወጣ። በመጀመሪያው እሑድ ምእመናን ሁሉ አዲሱን መጽሐፍ ይዘው በአንድ ድምፅ ሲያነቡ "ጌታ ሆይ፣ በደስታችንም በሐዘናችንም ጽናትን ስጠን" የሚለው ላይ ደረሱ። የታተመው ግን "ጥናትን ስጠን" ይል ነበር። ግማሹ በቃሉ የሚያውቀውን አለ፣ ግማሹ የተጻፈውን አነበበ። ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ "አሜን! ፈተናው ሰኞ ነው!" አለ። ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ፈረሰ። መጋቢው ራሳቸው መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጋሽ ሰረዝ አልሳቁም። ቅጂዎቹ ሁሉ ተሰብስበው በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት እንዲቀመጡላቸው ጠየቁ። ለስድስት ሳምንት ከሥራ መልስ እየሄዱ፣ ባልና ሚስት በተጣጠፉ ወንበሮችና በአሮጌ መጋረጃዎች መካከል ተቀምጠው፣ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ጥ እየሰረዙ ጽ ጻፉ። በአራተኛው ሳምንት ጋሽ ሰረዝ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ።

"ያቺን መስመር እኮ አላነበብኳትም" አሉ።

"አውቃለሁ" አሉ እትዬ ነጥብ፤ "እኔ 'ጸሎቱ ጽ' ብዬ ነበር። ብታነባት መች ታልፍህ ነበር?"

"የዚያን ቀን ብቻ አይደለም የምልሽ። ስንት ዓመቴ እንደሆነ እንጃ፣ በአፌ እላታለሁ እንጂ አላነበብኳትም። ሰሞኑን ስንት መቶ ጊዜ ሳያት፣ እንኳን ልላት፣ ለማን እንደምላት ጠፋኝ።"

የእትዬ ነጥብ እምነት ቀጥ ያለ ነበር። ሲሞላም ሲጎድልም አይተውት አያውቁም፤ ለምን እንደሆነም ጠይቀው አያውቁም። የሚያስፈራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ያን ቀን ተናገሩት። "እንግዲህ ወዲያኛው ዓለም ከማን አጠገብ ልቀመጥ ነው?" አሉ። ጋሽ ሰረዝ ሊያጽናኗቸው ብለው አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ ነጥብ እጃቸውን አነሡ።

"ተው። አንድ ቃል ብቻ ግባልኝ። ሲመለስ ትነግረኛለህ። ሳይመለስ ግን ለእኔ ብለህ አታስመስልም። አራት ነጥብ።"

ጋሽ ሰረዝ ቃል ገቡ። የቀሩትን መጻሕፍት አርመው ጨረሱ።

በ1979 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሽምግልናው ለቀቁ። ሽማግሌዎቹ "ማን አስቀየመህ?" ብለው ጠየቁ፤ "ማንም" አሉ። የሚስታቸው ወንድም መጽሐፍ ማንበብ ማብዛታቸውን አማረሩ፤ ጎረቤት ሐዘኑን አነሣ፤ መጋቢው ድካም ነው አሉ። ጋሽ ሰረዝ "ምክንያቱን ስታገኙት ለእኔም ንገሩኝ" እያሉ አመስግነው ይሸኟቸው ነበር። በእርግጥም ምክንያት አልነበረም። የጉድጓድ ውኃ በበጋ እንደሚወርድ ወርዶ ነበር፤ ማንም አልቀዳውም፣ ማንም አላፈሰሰውም።

ከቤተ ክርስቲያን ግን አልቀሩም። እሑድ እሑድ በግራ በኩል በሦስተኛው ወንበር ከባለቤታቸው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ሰዉ ተነሥቶ "እናምናለን" ሲል እሳቸውም ይነሣሉ፣ አፋቸው ግን አይከፈትም። ወንድ ልጃቸው በአሥራ ሦስት ዓመቱ "አባባ፣ ለምን ዝም ትላለህ?" ብሎ ቢጠይቃቸው "ያላነበብኩትን ፕሩፍ አልፈርምም" አሉት። ጊዜያቸውን ግን በከንቱ አላሳለፉም፤ የመዝሙሩን ወረቀት በእርሳስ ያርሙ ነበር። ነገሩ እየታወቀ ሲሄድ የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ወረቀቱን ዐርብ ዐርብ ለእርማት ትልክላቸው ጀመር። የመዘምራኑ መሪ "ጋሽ ሰረዝ ሲያምኑ ያሳሳቱንን ሳያምኑ አቀኑልን" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም ቀልዱን ይወዱት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ወንበሮቹ ሲሞሉም ሲራቆቱም አይተዋል፤ ወጣቱ በአንድ ዘመን ጎርፎ ገባ፣ በሌላው ዘመን ተበተነ። "እኔ ብቻ አይደለሁማ" ይሉ ነበር።

እትዬ ነጥብ አንድ ቀንም ጎሽመዋቸው አያውቁም። ወደ ቤት ሲመለሱ "ዛሬስ?" ብለውም አልጠየቁም። ቃሉ የተገባው እንዲነገራቸው እንጂ እንዲጠይቁ አልነበረም። ትልቋ ልጃቸው እንደምትናገረው ግን "እናምናለን" የሚባልበት ጊዜ ሲደርስ እናቷ አንገታቸውን በትንሹ ወደ ግራ ዘንበል አድርገው ያዳምጡ ነበር። ይህ አሥራ ስምንት ዓመት ቆየ።

በ1996 ዓ.ም. ጋሽ ሰረዝ በስድሳ ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ፊደል ለቃሚዎቹ በኮምፒውተር ተተክተው፣ የአራሚዎቹ ክፍልም ለዕቃ ማስቀመጫ ተወስዶ ነበር። በዚያው ዓመት የእትዬ ነጥብ ዐይን በስኳር በሽታ ምክንያት ማየት አቆመ። በአርባ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ተቀያየሩ፤ አንባቢው ጋሽ ሰረዝ ሆኑ። ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው፣ በገዛ እጃቸው የታረመውን የጸሎት መጽሐፍ ለባለቤታቸው ያነቡላቸው ነበር። እትዬ ነጥብ በለመዱት መንገድ ካልሆነ አይረኩም፤ "ነጠላ ሰረዙን ዘለልካት፣ ተመለስ" ይላሉ። ስለዚህ ጋሽ ሰረዝ አንዲት ነጥብ ሳይዘሉ፣ በቃል የሚያውቁትን እንደማያውቁት አድርገው ማንበብ ግድ ሆነባቸው።

በ1997 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ አንድ ጠዋት በመስመር መካከል አቆሙ። እትዬ ነጥብ ገጽ የሚገለብጡ መስሏቸው ጠበቁ።

"መጣ" አሉ ጋሽ ሰረዝ።

"ማን? በሩን ማንም አላንኳኳ።"

"ያልሽኝ ነገር ነው። ሲመለስ ንገረኝ ያልሽው።"

እትዬ ነጥብ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። "ብዙ ነው?"

"ኧረ ትንሽ ነው።"

"ይበቃናል። ቀጥል፣ ከነጠላ ሰረዟ ጀምር።"

በቀጣዩ እሑድ ጋሽ ሰረዝ "እናምናለን" ሲሉ ከፊታቸው የተቀመጡት ሴት ዞረው አይተዋቸዋል። ይህ ማለት ግን ነገሩ በዚያው አለቀ ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላም አንድ ወር ይኖራል፣ አንድ ወር ይጠፋል። በነበረበት እሑድ ይናገራሉ፤ በሌለበት እሑድ ዝም ይላሉ። ባለቤታቸው ማየት ባይችሉም መስማት ይችሉ ነበርና ሁልጊዜም የትኛው እሑድ እንደሆነ ያውቁ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. እትዬ ነጥብ ኩላሊታቸው ደክሞ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ የቀረው ጊዜ አጭር መሆኑን ለቤተሰቡ ነገረ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቻቸው በአልጋው ዙሪያ ቆመው ሳሉ፣ እትዬ ነጥብ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ጠይቀው የማያውቁትን ጠየቁ። "አሁንስ አለ?" አሉ። ሁሉም የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ዐወቀ። ወንድ ልጃቸው የአባቱን ክንድ ያዘ፤ በኋላ እንደተናገረው፣ "አለ" እንዲሉለት በልቡ እየለመነ ነበር። ለጋሽ ሰረዝ ሳምንቱ ከክፉዎቹ ሳምንታት አንዱ ነበር።

"ዛሬ የለም" አሉ።

በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እትዬ ነጥብ ግን ፈገግ አሉ። "እንግዲያው ያን ጊዜ 'መጣ' ያልከኝ እውነትህን ነበራ!" አሉ። "እኔ እኮ ስታባብለኝ ይሆን እያልኩ ስንት ዓመት ተጠራጠርኩ።" እጃቸውን ዘርግተው የጋሽ ሰረዝን እጅ ያዙ። በማግሥቱ ጠዋት ዐረፉ።

ቀጥ ያለ እምነት አላቸው የተባሉት እትዬ ነጥብ የሚጠራጠሩት ነገር እንደነበራቸው ጋሽ ሰረዝ የሰሙት ያን ቀን ነው። ከሆስፒታሉ ሲወጡ ለልጃቸው "አየህ፣ ብዋሽ ኖሮ የዛሬውንም የያን ጊዜውንም ነበር የማበላሸው" አሉት።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን አሥራ ሁለት ዓመታት በትልቋ ልጃቸው ቤት ኖሩ። ለልጅ ልጆቻቸው የቤት ሥራ አርመዋል፤ የሰፈሩን የግድግዳ ማስታወቂያ ሁሉ በእርሳስ አቅንተዋል። እምነታቸው እንደ ቀድሞው ሲመጣና ሲሄድ ቆየ፤ ሲመጣ አልፎከሩም፣ ሲሄድም በሩን አልዘጉበትም። አዲሱ ወጣት መጋቢ ሊጠይቋቸው መጥተው "አባባ፣ እምነትዎ እንዴት ነው?" ቢሏቸው "ዛሬን ነው የሚጠይቁኝ ወይስ በአጠቃላይ?" አሏቸው። መጋቢው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን ሲመጡ "ዛሬስ?" እያሉ ይጠይቁ ጀመር፤ የሁለቱም ወዳጅነት ከዚያ ተጀመረ።

በማተሚያ ቤት ዘመናቸው ስፍር ቁጥር የሌለው የሟች የሕይወት ታሪክ አርመዋል። በሁሉም ውስጥ "እስከ ዕለተ ሞታቸው በእምነታቸው እንደጸኑ" የሚል ሐረግ አይጠፋም ነበር። "በዚህ ከተማ ያልጸና ሰው ሞቶ አያውቅም እኮ" ይሉ ነበር፤ "እኔ የመጀመሪያው ልሁን፤ በእኔ ላይ እንዳትጽፉት።" ወንድ ልጃቸው "አባባ፣ ሰው ምን ይላል?" ቢላቸው "ሰውማ በልቡ እፎይ ይላል" ብለው መለሱ። ሐረጉ በዚህ ጽሑፍ ያልገባው በእሳቸው ፈቃድ ነው። ልጃቸውም በመጨረሻ ተስማምቷል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። በመጨረሻው ሳምንት መጋቢው መጥተው ሊጸልዩላቸው ፈቃድ ሲጠይቁ "ይጸልዩ፣ እኔ እሰማለሁ፤ ስሕተት ካለ ግን እነግርዎታለሁ" አሉ። ጸሎቱ ሲያልቅ ከንፈራቸው ተንቀሳቅሷል። አሜን ሲሉ ሰምተናል የሚሉ አሉ፤ ውኃ የጠየቁ የመሰላቸውም አሉ። ውኃም ተሰጥቷቸዋል። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል አይፈርድም።

ጋሽ ሰረዝ ጥቅምት 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ፣ ምራታቸውንና የልጃቸውን ባለቤት፣ አምስት የልጅ ልጆችንና አንዲት ገና መናገር ያልጀመረች የልጅ ልጅ ልጅ ትተው ሄደዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ በባለቤታቸው መቃብር አጠገብ ይፈጸማል። በሕመማቸው ጊዜ ያስታመሟቸውን ሐኪሞች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በዚያ ጠዋት እንዳገኛት ይቀበላት። አሜን ማለት የሚችል አሜን ይበል፤ ዛሬ ያልሆነለትም አብሮን ይቁም።